የታችኛው መስመር

ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ጓድ ሽፈራው ቢሮው አስጠራኝ። የአውራጃው ስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ መቀመጥ ለምዷል። እኔ ስገባ ግን ቀጥ አለ። ልጅ ሳለ የአባቱን መሬት ስለካ ችካሌን ነቅሎ ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ። እሱም አልረሳውም።

«ጋሼ ኃይለመለኮት፣ በአውራጃችን የሴቶች ነጠላ የሜዳ ቴኒስ ውድድር ሊደረግ ነው። አንደኛ የወጣችው አዲስ አበባ ሄዳ አንድ ወር ከተለማመደች በኋላ ከየክፍለ ሀገሩ ከሚመጡት ጋር ትጫወታለች። እዚያ ከታየች ክለብ ይወስዳታል፤ ሥራም ይሰጣታል፤ በዚያው ትቀራለች» አለኝ።

ሜዳውን እንዳሰምርና እንድዳኝ ጠየቀኝ። እዚህ ሆሳዕና የቴኒስ ደንብ መጽሐፍ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። የድሮው አውራጃ ገዢ ጥሎት የሄደው ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ሁለት ዓመት ፈጅቼ አንብቤዋለሁ።

ሁለት ነገር አስጠነቀቅኩ። ካሰመርኩ በኋላ መስመሬን ማንም እንዳይነካ፤ ከተናገርኩ በኋላ ቃሌን ማንም እንዳይነካ። «እሺ ጋሼ» አለ። በሩን ስዘጋ ከጸሐፊው ጋር ሲሳሳቁ ሰማሁ።

ልጅቷ ተመዝግባለች። የልጄ ልጅ ናት። አባቷ ካረፈ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት በእጃችን አድጋ አሁን በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፕ ትመታለች። ተመዝገቢ አላልኳትም፤ አትመዝገቢም አላልኳትም። ራት ላይ ለባለቤቴ ለአሰገደች «ልጅቷ እንደ ማንኛዋም ተወዳዳሪ ትታያለች» ብዬ ነገርኳት።

«ስም አላት እኮ» አለች። «ትርፊት ትባላለች። ያወጣህላት አንተ ነህ።»

የዛሬው ቃል፦ ትርጉሙ «አድልዎ»። ከልጅቷ ጋር በየምሽቱ ከመዝገበ ቃላቱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እናያለን። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የዘለልነው ኩፍኝ የያዛትን ሳምንት ብቻ ነው።

ግንቦት 5፣ ዓርብ

ገመድ ፍለጋ። ሠላሳ ዓመት መሬት የለካሁበትን የብረት ሰንሰለት በስልሳ ሰባት ዓ.ም. ፈርሜ ለመንግሥት አስረክቤያለሁ። የቀረኝ የአንድ ሜትር እንጨት ነው። ስለዚህ ጠናን የቃጫ ገመድ አምጣልኝ አልኩት። ጠና ከከተማው አጠገብ ካለው ከሌሞ ገጠር ነው፤ በፈረስ ጋሪው ዕቃ ያመላልሳል። ሃያ ዓመት እንተዋወቃለን፤ ለቁም ነገር ግን አይመችም።

«ለምንድን ነው ጋሼ?» አለ ጥቅልሉን ከጋሪው እያወረደ።

«ለልኬት።»

«የእንሰት ነው እኮ። እንሰት ውሃ ይወዳል።»

«እኔ ያዘዝኩህ ገመድ ነው፤ ተክል አይደለም።»

«እሺ» ብሎ ሳቀ። ይህ ሰው ያለ ምክንያት ይስቃል።

በሜትሩ እንጨት እየለካሁ በየሜትሩ ቀይ ክር አሰርኩበት። አሰገደች አይታ «ስትጨርስ ለልብስ ማስጫ ትሰጠኛለህ» አለች። መለኪያ ማስጫ አይሆንም አልኳት። ነገ ቶሎ እንድጀምር ገመዱን ማታውኑ ወስጄ ሜዳው ላይ ትቼው መጣሁ።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

ሜዳው ተሰመረ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ገመዱ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ጭቃውን ጠርጌ ጀመርኩ። ከመረቡ እስከ ኋለኛው መስመር አሥራ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት ተኩል ነው። በገበያው በኩል ያለውን የታችኛውን ጎን ጠዋት ጨረስኩ። ፀሐይ ስትወጣ ገመዱን አጥር ላይ ሰቅዬ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። የላይኛውን ጎን ከሰዓት በኋላ አጠናቀቅኩ። ኖራውንም ራሴ ነሰነስኩ። ሠላሳ ዓመት ስለካ አንድ ሰው ልኬት አሳስቶ አላገኘብኝም፤ ዛሬም አያገኝም።

ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ መጥታ አየችው። «አባባ፣ የታችኛው ጎን አጠር ያለ አይመስልዎትም?»

«ዐይንሽን ተይና ገመዱን እመኚ» አልኳት።

ዝም አለች። ዝም ስትል ቁርጥ አሰገደችን ናት፤ ዝምታ አይደለም።

የቴኒስ ነጥብ አቆጣጠር ግን አልወደድኩትም። አሥራ አምስት ይላሉ፣ ሠላሳ ይላሉ፣ ከዚያ አርባ! አርባ አምስት የት ሄደ? ይህን የጻፈ ሰው በእኔ ሥር ቢሠራ አንድ ቀን አያድርም ነበር።

ግንቦት 14፣ እሑድ

የመጀመሪያው ቀን። ስምንት ሴቶች፤ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ። ሕዝቡ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሏል። ኳስ መረብ ውስጥ ሲገባ «ጎል!» የሚሉ አሉ። ጨዋታ አስቁሜ አስረዳሁ። እንደገና አሉ፤ እንደገና አስቁሜ አስረዳሁ። በሦስተኛው ሆን ብለው እንደሚሉት ገባኝ።

ልጅቷ አሸነፈች። ኳስ ስትለጋ ሁለት ጊዜ መስመር ረግጣ ሁለቱንም ቀጣኋት። ከአጥሩ ወዲያ አንዱ «አባ ሜትር፣ ራትህን ማን ሊሰጥህ ነው?» ብሎ ጮኸ። አባ ሜትር የሚሉት እኔን ነው። አልከፋኝም።

ራት አሰገደች ሰጠችኝ። ቀዝቅዞ ነበር።

ከአንጋጫ የመጣችው ሣራ የምትባለው ጥሩ ናት። የጤና ጣቢያ ረዳት ናት፤ ያስተማራት መምህር የሆነው ወንድሟ ማርቆስ ነው። ኳስ አትለምንም፤ ትመታለች።

ግንቦት 21፣ እሑድ

ልጅቷም ሣራም አለፉ። የፍጻሜው ውድድር ቅዳሜ ነው።

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ልጅቷ አንደኛ ከወጣች እኮ ትሄዳለች።»

«ሽማግሌውስ ማታ ማታ ማንን ሊያደነቁር ነው?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የምሄድበት ጉዳይ ስለነበረ ዱቄቱን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ጉዳዩ ምን እንደነበረ አሁን አላስታውስም።

ግንቦት 27፣ ቅዳሜ

አጭር እጽፋለሁ። አንደኛውን ዙር ልጅቷ። ሁለተኛውን ሣራ። በሦስተኛው ዙር ሣራ አምስት ለአራት እየመራች፣ አርባ ለሠላሳ። አንድ ኳስ ቀራት። ልጅቷ ከላይኛው ጎን ሆና ረጅም መታች። ኳሷ በታችኛው መስመር በኩል አረፈች። «ውጪ!» አልኩ። ከመቀመጫዬ ወርጄ ምልክቱን በጣቴ ለካሁ፤ ከመስመሩ አራት ጣት አልፏል። ውድድሩ አለቀ። አንደኛ ሣራ።

ልጅቷ ምልክቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ሄዳ የሣራን እጅ ጨበጠች።

ዛሬ ቃል አላየንም።

ግንቦት 28፣ እሑድ

አሰገደች ከቤተ ክርስቲያን እስክንመለስ ታግሳ ነበር። ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ደስ አለህ አይደል?» አለችኝ።

«ምን ደስ ይለኛል?»

«አትሄድማ።»

እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት አልኳት። «ፈጥነህ ተናገርክ» አለች። ኳስ ስትወድቅ ነው የሚባለው፤ አስቦ የሚናገር ዳኛ የት አለ አልኳት። እሷ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ሽንኩርት ስትልጥ ክርክር አይሰማትም።

ነገሩን ለራሴ ማስቀመጥ ይገባኛል። ምልክቱ አራት ጣት አልፏል። ምልክት ለማንም አያደላም። የልጅ ልጄ ስለሆነች ገባች ማለት ነበረብኝ? የልጅ ልጄ ስለሆነችስ ውጪ ልላት እችላለሁ? ሁለቱም አይሆንም። ዐይኔ ደኅና ነው። ድምፄም እንደ ሁልጊዜው ነበር። ፈጥኖ ነበር? በመጀመሪያው ቀን ውጪ ያልኳቸውን ኳሶች ለማስታወስ ሞከርኩ፤ እነዚያን ስናገር ትንሽ እቆይ ነበር መሰለኝ። ትንሽ ብቻ።

ልጅቷ አላኮረፈችም። ጫማዬን ጠርጋ ደጃፍ ላይ አስቀምጣልኛለች። ብታኮርፍ ይቀለኝ ነበር።

ሰኔ 1፣ ረቡዕ

አሰገደች ከአስፈላጊ ቃል በቀር ካላናገረችኝ አራተኛ ቀን። ገመዱን ለልብስ ማስጫ ሰጠኋት። «ስለማያስፈልገኝ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» ብላ ሳቀች። ከባሕር ዛፉ እስከ ኩሽናው ምሰሶ ራሴ ወጠርኩላት። ቀዩን ክር አልፈታሁም።

ሰኔ 2፣ ሐሙስ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመጣ ልብሱን ለማንሳት ከአሰገደች ጋር ወጣን። ስናሰጣ ረግቦ ደረቷ ድረስ ይወርድ የነበረው ገመድ ተወጥሮ ከራሷ በላይ ሆኗል። እጇ አልደርስ አላት። የኩሽናው ምሰሶ ዘንበል ብሏል።

«ማነው ያጠበቀው?» አልኩ።

«ዝናቡ ነዋ! ቃጫ ሲረጥብ ያጥራል፤ ሲደርቅ ይረዝማል። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ? ይልቅ አውርድልኝ።»

አወረድኩላት። ገመዱንም ፈታሁት። «ምን ሆንክ አንተ ሰው?» እያለች እርጥቡን ገመድ በሜትሩ እንጨት ለካሁት። አሥራ ሁለት ክር የታሰረበት ገመድ አሥራ ሁለት ሜትር የለውም። እንጨቱን ይዤ በዝናቡ ሜዳው ሄድኩ፤ በጉልበቴ እየሄድኩ ለካሁ። የላይኛው ጎን ልክ ነው። የታችኛው ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎድሏል።

ኳሷ ከመስመሩ ያለፈችው አራት ጣት ነው። አራት ጣት ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ገብታ ነበር።

ሰኔ 3፣ ዓርብ

ጠናን ልቆጣው ገበያ ወረድኩ። ፈረሱን እያጠጣ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ባልዲውን አስቀምጦ ሳቀ፤ ፈረሱ እንኳ ቀና ብሎ አየው።

«እንሰት ውሃ ይወዳል ብዬዎት ነበር እኮ!»

«ያጥራል አላልክም!»

«ጋሼ፣ ይሄን እኛ ሰፈር ሕፃን ያውቃል። እርስዎ መጽሐፍ ሲያነቡ የማያውቁት ነገር አለ ብዬ መች አሰብኩ?»

ሰንሰለት አይረዝምም፣ አያጥርም። ሠላሳ ዓመት የለካሁት በብረት ነው። የቃጫን ጠባይ የምማርበት ጊዜ አልነበረኝም። ይህ ሰበብ ነው፤ ብጽፈውም ሰበብ ነው።

ጠና ሳቁን ጨርሶ ባልዲውን አነሳ። «እንግዲህ ይናገራሉ?» አለኝ።

ብናገር «ለልጅ ልጁ ብሎ ነው» ይባላል። ሜዳውን ያሰመርኩ እኔ፣ የዳኘሁ እኔ፣ አሁን ደግሞ ተሳስቷል የምል እኔ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሣራ ትሄዳለች፤ ልጅቷ እዚሁ ትቀራለች። ይህንን የመጨረሻውን ቃል ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ሰኔ 5፣ እሑድ

ልጅቷን በረንዳው ላይ ጠርቼ ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት።

«አውቃለሁ አባባ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«በማግስቱ ሄጄ በእርምጃ ለካሁት። የታችኛው ጎን አልሞላ አለ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ገመዱን እመኚ ብለውኝ የለ? እርስዎ እስኪለኩት ጠበቅኩ።» ቀጥሎም «ብዙ ያስጠብቃሉ ብዬ ግን አላሰብኩም» አለች። ፈገግ ብላ ነበር መሰለኝ። በዚህ ቤት ውስጥ እኔን ማክበር እየቀነሰ መጥቷል።

የዛሬው ቃል፦ ትርጉሙ «እርማት»። የመረጠችው እሷ ናት።

ሰኔ 7፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሣራና ወንድሟ ማርቆስም ተጠርተዋል። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ግማሹን ማሰሮ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አሳየኋቸው። ከዚያ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልኬቱን የተሳሳትኩ እኔ ነኝ» አልኩ። ጓድ ሽፈራው ውሃው ወረቀቱ ላይ እንዳይፈስ ወረቀቱን ያነሳሳል።

«ጋሼ፣ ስሟ እኮ አዲስ አበባ ተልኳል» አለ። «ደግሞ ሁለቱም ጎን እየተቀያየሩ ነው የተጫወቱት። ቢያጥር ለሁለቱም አጥሯል።»

«የመጨረሻዋ ኳስ የወደቀችው በአጭሩ ጎን ነው» አልኩ።

ማርቆስ ተነሳ። «የልጅ ልጅዎ ባትሆን ኖሮ ይህን ገመድ ይነክሩት ነበር?»

የሚጠበቅ ጥያቄ ነው፤ ሦስት ቀን መልስ ሳዘጋጅለት ነበር። ግን «አላውቅም» አልኩ። «መስመሩ ግን ማን ናት ብሎ አያጥርም።»

ያን ጊዜ ሣራ፣ እስካሁን ስትናገር ያልሰማኋት ልጅ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ተቀመጥ» አለችው። ወደ ኮሚቴው ዞረችና «ጎዶሎ ሜዳ ላይ አሸንፌ አዲስ አበባ አልሄድም። ሦስተኛው ዙር ይደገም። ደግሞም አሸንፋታለሁ» አለች።

ፊሽካዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ማን ይዳኝ ሲባል ሰው ሁሉ የአንዷ ወገን ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ የቀረው ጠና ነው! ውድድሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጋሪው ላይ ቆሞ አይቷል፤ የማንም ዘመድ አይደለም፤ ፊደልም ባለፈው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቆጥሯል። ፊሽካውን ሲቀበል «ጋሼ፣ አርባ አምስት ልበል አርባ?» አለኝ። ጉባኤው ሳቀ። እኔ ለደንቡ ስል «አርባ» አልኩ።

ሰኔ 8፣ ረቡዕ

የብረት ሰንሰለቱን ከመሥሪያ ቤቱ ተዋስኩ። የገዛ ሰንሰለቴን ለመዋስ አስፈረሙኝ። ዝጓል። ዘይት ቀባሁት። የታችኛውን መስመር አጥፍቼ እንደገና አሰመርኩ። ሰው ቆሞ ያያል። አሰገደች ምሳ ይዛልኝ መጣች፤ ትኩስ ነበር።

ሰኔ 11፣ ቅዳሜ

እኔ ከሕዝቡ ጋር አጥሩ ውስጥ፣ ከታችኛው መስመር ጀርባ ቆምኩ። ሰው ቦታ ለቀቀልኝ። «አባ ሜትር፣ ዛሬ ዝም ማለት ይችላሉ?» አለኝ አንዱ። እችላለሁ አልኩት።

ጠና ከጋሪው ላይ ሆኖ ዳኘ። ፊሽካ በማያስፈልግበትም ይነፋል። ሁለቱ ልጆች ግን እንዲያ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። አራት ለአራት። አምስት ለአራት፣ ሣራ። እንደገና አርባ ለሠላሳ፣ ሣራ። እንደገና አንድ ኳስ ቀራት። ልጅቷ አሁን በታችኛው ጎን ናት፤ ጀርባዋ ለእኔ ነው። ሣራ ወደ ማዕዘኑ አርቃ መታች። ልጅቷ አልደረሰችባትም። ኳሷ ከእግሬ ሁለት ክንድ ርቃ ወደቀች።

ጠና ነፋ። «ውጪ!»

ሕዝቡ ጮኸ። የሆሳዕና ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ ይህን ደብተር ስጀምር እውነት እጽፋለሁ ብዬ ስለሆነ አላውቅም ብዬ እጽፋለሁ።

ልጅቷ ወደ እኔ አልዞረችም። ራኬቷን አነሳች። «ጠና፣ ገብታለች» አለች። «መስመሩን ነክታለች። ኖራው ሲቦን አይቻለሁ።»

ጠና ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ? ገብታለች ካልሽ እኮ ጨዋታው አለቀ፤ ሣራ አሸነፈች» አላት።

«ገብታለች አልኩህ።»

ኖራው ቦኖ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ።

ሣራ መረቡን ዘላ መጥታ አቀፈቻት። አሰገደች አለቀስክ ትለኛለች። ኖራ ዐይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፤ ራሴ የነሰነስኩት ኖራ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ሰኔ 13፣ ሰኞ

ጓድ ሽፈራው ቤት ድረስ መጣ። ሣራ ብቻዬን አልሄድም ብላለች። «አንድ ወር ሙሉ ከማን ጋር ልለማመድ ነው? በራሷ ላይ የምትመሰክረዋን ልጅ ስጡኝ» ብላ ኮሚቴውን አስጨነቀች አሉ። በመኪናው ላይ አንድ ቦታ አለ።

ሁሉም እኔን አዩ። አሰገደች ሽንኩርት አልያዘችም።

«የምትጠየቀው እሷ ናት» አልኩ።

«አባባ?» አለች ልጅቷ።

አንድ ወር ሠላሳ ቀን ነው። ሠላሳ ቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ክለቡ ቢያያት... «ሂጂ» አልኩ። ድምፄ ፈጥኖ ነበር። አሰገደች ይህንንም ሳታስተውል አትቀርም።

ሰኔ 15፣ ረቡዕ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው ወጣ። ጠና ሻንጣዋን በጋሪ አምጥቶ ፊሽካዬን በኪሷ ከቶላታል። ሣራ ከመስኮቱ «ጋሼ፣ አይስጉ፤ መስመር አትረግጥም» አለችኝ። እኔ ከመዝገበ ቃላቱ ሠላሳ ቃል በሁለት ወረቀት ገልብጬ፣ አንዱን ለልጅቷ ሰጥቼ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። ለየማታው አንድ፤ ትርጉም አልጻፍኩበትም። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ላይ ከተተችው። «እርስዎ ግን ቀድመው እንዳያዩ» አለች።

ቤት ስመለስ አሰገደች ገመዱን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። መልሼ ወጠርኩላት። ለዝናቡ ብዬ ትንሽ አረገብኩት። «አሁን ተማርክ» አለች።

ዛሬ ማታ በአንድ ሰዓት መብራቱን ለኩሼ የመጀመሪያውን ቃል አየሁ። ትርጉሙን አውቀዋለሁ። ትርፊት እስክትመጣ ድረስ ግን አልጽፈውም።